ጨረቃ ሦስት ሆና ስትታያችሁ... ዝም አትበሉ!

(ከጣርማ በር ቁልቁል፤ ከይፋት ቆላ የመጣ የዓይን ወግና ምክር)

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ሸዋ ሮቢትን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ደሴ፣ ወደ ወልድያ፣ ወደ ላሊበላ ስንሄድ ሹፌሩ ምሳውን ይበላል፣ እኛ ማንጎ እንገዛለን፣ ሙቀቱን እናማለን፣ ከዚያ ወደ እንቅልፋችን እንመለሳለን። በቃ! «ሸዋ ሮቢት እንዴት ናት?» ብሎ የሚጠይቀን ቢገኝ «ትሞቃለች» ከማለት በቀር መልስ የለንም።

እኔ ግን ሰሞኑን አምስት ቀን ሙሉ እዚያው ከርሜ መጥቻለሁ። ስለ ሙቀቷም ስለ ማንጎዋም አጫውታችኋለሁ። ዋናው ወጌ ግን የዓይን ነገር ነው። በተለይ ዕድሜያችሁ ከአሥራ አምስት እስከ ሰላሳ የሆነ፣ የመነጽራችሁ ቁጥር በየዓመቱ «ተቀየረ» እየተባለ ያስቸገራችሁ፣ ማታ ማታ የመኪና መብራት እንደ ርችት የሚበተንባችሁ ወጣቶች ካላችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ዝለቁ።

ከጋቢ ወደ ሽርጥ

ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ቀጥሎ ጣርማ በር ይመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ተራራውን በስቶ ያሠራው ዋሻ ያለው እዚህ ነው። በዋሻው አፍ ላይ የበግ ፀጉር ቆብ የሚሸጡ ልጆች ይከቧችኋል፤ ጉም ያለበት ቀን ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው መኪና እንኳን አይታይም።

ዋሻውን ካለፋችሁ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ... ኧረ ሸሚዝም ይከብዳል! ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ውስጥ ከጋቢ አገር ሽርጥ ወደሚታጠቅበት አገር ትገባላችሁ።

ከተማዋ በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። በጠዋት ስትነሱ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ፓፓያው በክምር፣ ቲማቲሙ በሣጥን ሆኖ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ማሾ የምትባለዋን አረንጓዴ ጥራጥሬ ካላወቃችሁ እዚህ ታውቋታላችሁ። የትምባሆ እርሻም በአካባቢው ዝነኛ ነው። ስለ ወህኒ ቤቷማ ያልሰማ የለም፤ እኔም ስሄድ ወዳጆቼ «ምን አጥፍተህ ነው?» እያሉ ቀልደውብኛል።

አገሩ የቆየ አገር ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የይፋት ሱልጣኔት የተነሣው በእነዚህ ተራሮች ግርጌና ቆላ ላይ ነው። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው የቅፍለት ንግድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። አሁንም ቢሆን ሰንበቴ ገበያ ብትወጡ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ሲገበያይ ታያላችሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከዚህ ድረስ ወርዶ ከተማዋ ተይዛ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰው ግን ሰው ነው፤ ያጣውን ቆጥሮ፣ የቀረውን ይዞ፣ ሽንኩርቱን መልሶ ይተክላል።

«ለእኔ አምስት ስድስት ነው»

በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ከተጋበዝኩበት ቤት ወደ አልጋ ቤቴ ለመመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ቀልደኛ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ነገር ግን ከደሴ በኩል የጭነት መኪና መብራቱን እያበራ በመጣ ቁጥር ልጁ ፍሬን ይይዛል፤ አንገቱን ዘመም ያደርግና ግራ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል ጋሼ፤ መብራቱ ስለሚበዛ ነው።»

«አንድ መኪና እኮ ነው የመጣው!»

«ለአንተ አንድ ነው። ለእኔ አምስት ስድስት ነው» ብሎ ሳቀ።

ገና ሰላሳ ሳልደፍን «ጋሼ» መባሌ ሳይከነክነኝ አልቀረም። የባሰ የከነከነኝ ግን የሳቁ ነገር ነው። ሦስት ሰው ጭኖ በደሴ መንገድ የሚነዳ ልጅ አንዱን መኪና ስድስት አድርጎ ያያል፤ እሱ ደግሞ ይስቃል!

በማግስቱ ከቤታቸው ደጅ ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን አወራን። እናቱ ሦስት መነጽር አውጥተው አሳዩኝ። ሦስቱም በሁለት ዓመት ውስጥ የተገዙ ናቸው። ሦስቱም የተገዙት ሽንኩርት ተሸጦ ነው። በመጀመሪያው «የርቀት ችግር ነው» ተባለ፤ ስድስት ወር አገለገለ። ሁለተኛው «አስቲግማቲዝም ነው» ተባለ፤ አራት ወር አገለገለ። ሦስተኛው ራሱን አሳመመውና መሳቢያ ውስጥ ተጣለ። ትምህርት ቤት ሳለ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ጥላ እያበጀ ሲያስቸግረው አስተማሪው «ሰነፍ» አሉት። ጎረቤት «ሌሊት ሞባይል እያየ ነው» አለ። አክስቱ «ምች ነው» አሉ። እናቱ ግን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ያቺ ነገር ናት ጆሮዬን ያቆመችው።

«ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሻል። በበጋ ሲብስበትማ በእጁ አንጓ እስኪቀላ ይፈትገዋል። ተው ብለው፣ ተው ብለው አልሰማ አለኝ ልጄ!»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ግን አንድ የዓይን ሐኪም ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ሳልጨርስ «ቶሎ ይምጣ» አለኝ። «ኬራቶኮነስ እንዳይሆን እፈራለሁ።»

ኬራቶ... ምን?

በቀላሉ ላስረዳችሁ። ዓይናችን ፊት ለፊት፣ ከጥቁሩ ክፍል በላይ፣ እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመ ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ መሐሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ጥርት አይልም ነበር። ወደ ዓይናችን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ምስል የሚያደርገው ኃይል ሁለት ሦስተኛው ከዚህች መስታወት ነው።

ጤነኛ ኮርኒያ እንደ ኳስ ጀርባ ክብ ነው። ኬራቶኮነስ ሲይዘው ግን መሐሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የሳሳው ቦታ ደግሞ ከውስጥ ባለው ግፊት ወደ ውጭ ይገፋል። ክብ የነበረው ቀስ በቀስ እንደ ሞሶብ ክዳን ሾጠጥ ይላል። በሾጣጣ መስታወት ያለፈ ብርሃን አንድ ቦታ አይሰበሰብም፤ ይበታተናል። አንዷ ጨረቃ ሦስት የምትሆነው፣ አንዱ የመኪና መብራት ጭራ የሚያወጣው፣ «ሀ» የሚለው ፊደል አጠገቡ ጥላ የሚያበጀው ለዚህ ነው። መነጽር መልሶ መላልሶ የሚሰንፈውም ለዚህ ነው፤ መስታወቱ ራሱ ቅርፁን እየቀየረ ነዋ!

በሽታው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኖቲንግሃም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፏል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ይፈጥናል፤ ወደ አርባ ሲጠጉ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። የሚይዘው ሁለቱንም ዓይን ነው፤ ግን አንዱ ቀድሞ አንዱ ይከተላል። ጉዱም እዚህ ላይ ነው! አንዱ ዓይን ደህና ስለሚያይ የሌላውን ድካም ይሸፍንለታል። ልጁ ግራ ዓይኑን እየጨፈነ የሚነዳው ለካ ሳያውቀው ራሱን እያከመ ነበር።

አቧራ፣ ፀሐይና የሚበላ ዓይን

«ይህ ታዲያ ከቆላ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። በሽታው ደጋም አለ፣ ቆላም አለ፣ አውሮፓም አለ። በዘር የመጣባቸው ቤተሰቦችም አሉ። ሐኪሞች ግን ከበሽታው ጋር አጥብቀው የሚያያይዙት አንድ ልማድ አለ። ዓይንን ማሸት ነው።

የይፋት ቆላ በበጋ ምን እንደሚመስል አስቡት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከእርሻ መንገዱ የሚነሣው አቧራ ዱቄት ነው። በዚህ ዓይነት ሞቃትና ደረቅ አገር ልጆችን የሚያጠቃ የዓይን አለርጂ አለ፤ ሐኪሞች «ቬርናል» ይሉታል። ዓይን ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይን አር ያወጣል፣ ብርሃን ይፈራል። ከሁሉ በላይ ግን ይበላል! መብላት ስላችሁ እንዲያው እንደ ዋዛ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ ነው። በጀውሃ መንገድ ዳር ፍየል የሚጠብቁ ልጆች አግኝቼ ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ ከእኔ ጋር ሲያወሩ እጃቸው ከዓይናቸው አልተነሣም።

አለርጂው ራሱ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ይለቃል። ነገር ግን ዓመት ከዓመት በእጅ አንጓ የተፈተገ ኮርኒያ ይሳሳል፣ ይዳከማል ይላሉ ሐኪሞች። አለርጂው ሄዶ ሾጣጣው ይቀራል ማለት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ዓይኑ የበላው ሰው ሐኪም ሳያየው ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል። ጠብታው ስቴሮይድ ያለበት፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን ከሆነ፣ ቀይ ዓይን በሁለት ቀን ውስጥ ነጭ ይሆናል፤ ማሳከኩም እልም ይላል። ሰውየውም «ተአምረኛ ናት!» ብሎ ዓመቱን ሙሉ ይጠቀማል። እሷ ጠብታ ግን ያለ ሐኪም ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ስትጨመር የዓይን ግፊት ከፍ አድርጋ ግላኮማ ታመጣለች፤ የዓይን ሞራም ታመጣለች። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ወዳጆቼ፣ ጎረቤት የተጠቀመበትን የዓይን ጠብታ አትዋሱ!

የእናታችን ወረንጦ

ስለ ኮርኒያ ካነሣን አይቀር በሰንበቴ ገበያ ያየኋቸውን አንዲት እናት ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቅቤ ይሸጣሉ። አንገታቸው ላይ በክር የታሠረች ወረንጦ አለች። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል መስታወት ያወጡና የዓይናቸውን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ፀጉሩን ይነቅላሉ።

«ምን ሆነው ነው እናቴ?» አልኳቸው።

«ፀጉሩ እየገባ ይወጋኛል ልጄ። በየሳምንቱ ነው የምነቅለው። ካልነቀልኩት እንደ እሾህ ነው።»

ይህ ኬራቶኮነስ አይደለም። የትራኮማ ጠባሳ ነው። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና በፎጣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሕመም ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይጠብሳል፣ ይታጠፋል፤ ቅንድቡም ወደ ውስጥ ዞሮ ኮርኒያን በእያንዳንዱ ርግብታ ይቧጥጣል። መጨረሻው የኮርኒያ ነጭ ጠባሳ፣ ከዚያም ዕውርነት ነው። የአማራ ክልል በዚህ ሕመም በዓለም ላይ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህ ዕውርነት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት በመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነበር።

መልካሙ ዜና፣ የታጠፈውን ሽፋን የሚያቃና አጭር ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎችም ይሠሩታል። ወረንጦ ግን መድኃኒት አይደለም። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅልም አጥሮና ጠንክሮ ይወጋል። እናት፣ አያት፣ አክስት ያላችሁ የከተማ ልጆች ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ ስኳርና ሻርፕ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ዓይናቸውንም እዩላቸው፤ ጤና ጣቢያም ይዛችኋቸው ሂዱ።

ምልክቶቹ እነሆ!

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ኬራቶኮነስ ሲጀምር አያምም፣ አይቀላም። ከውጭ ሲያዩት ዓይን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ምልክቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ወዳጄ የነገረኝን በተራ ላስቀምጥላችሁ፦

1ኛ. የመነጽር ቁጥር ቶሎ ቶሎ መቀየር። በተለይ በስድስት ወር፣ በዓመት ውስጥ «አስቲግማቲዝሙ ጨመረ» ከተባላችሁ።

2ኛ. አዲስ መነጽር አድርጋችሁም ጥርት ብሎ አለመታየቱ። «መነጽሩ ልክ አይደለም» ብላችሁ ሦስት ሱቅ ከዞራችሁ ችግሩ የመነጽሩ ላይሆን ይችላል።

3ኛ. በአንድ ዓይን ብቻ ስታዩ አንዱ ነገር ሁለት ሦስት መሆኑ ወይም ጥላ ማበጀቱ።

4ኛ. ማታ በመብራት ዙሪያ ጭራና ቀለበት መታየቱ፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ዓይንን ማጥበርበሩ።

5ኛ. ብርሃን መፍራት፤ ዓይንን እያጠበቡ ማየት፣ ራስን ማመም።

6ኛ. የአንዱ ዓይን እይታ ከሌላው በግልጽ መድከሙ።

7ኛ. የቆየ ማሳከክና ዓይንን የማሸት ልማድ፤ ወይም በቤተሰብ ውስጥ ይኸው ችግር ያለበት ሰው መኖሩ።

ወደ ታች ስታዩ የታችኛው የዓይን ሽፋን በሾጣጣው ተገፍቶ እንደ «V» ፊደል ከሾጠጠ ግን ሕመሙ ገፍቷል ማለት ነው። ያን ቀን መጠበቅ የለባችሁም።

በቤታችሁ ልትሞክሯት የምትችሉ አንዲት ነገር አለች። ማታ ደጅ ውጡ። ራቅ ያለ የመንገድ መብራት ወይም ጨረቃን ምረጡ። አንዱን ዓይን በመዳፋችሁ ሳትጫኑ ሸፍኑና በሌላው እዩ፤ ከዚያ ቀይሩ። በአንድ ዓይን ብቻ እያያችሁ አንዱ መብራት ብዙ ከሆነባችሁ ወይም ጭራ ካወጣ ነገሩን ንቃችሁ አትተኙ። ይህ ሙከራ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ እጃችሁን ከዓይናችሁ አንሡ! ከሁሉም የሚረክሰው መድኃኒት ይህ ነው። ሲበላችሁ ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ፣ ጨምቃችሁ በተከደነ ዓይን ላይ አሳርፉ። ፊታችሁን ታጠቡ። ቆላ ስትወርዱ ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ያዙ፤ ለማማር ብቻ አይደለም። በሆዳችሁ ተኝታችሁ ዓይናችሁን ትራስ ላይ የመጫን ልማድ ካላችሁም ተዉት። ማሳከኩ ካልለቀቀ የዓይን ሐኪም የሚያዘው የአለርጂ ጠብታ አለ።

ሁለተኛ፣ መነጽር ሱቅ ብቻ ሳይሆን የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትሄዱም «አጥርቼ አላይም» ብቻ አትበሉ። «በሁለት ዓመት ሦስት መነጽር ቀይሬአለሁ፤ በአንድ ዓይኔ መብራት ይበዛብኛል፤ ዓይኔን አሻለሁ» ብላችሁ ዘርዝሩ። አሮጌዎቹን መነጽሮችና የማዘዣ ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ታሪክ ይነግሩታል። የኮርኒያን ቅርፅ እንደ ካርታ የሚያነሣ መሣሪያ አለ፤ «ቶፖግራፊ» ይባላል። ተራራውና ሜዳው በቀለም ተለይቶ ይወጣል። ሕመሙ ገና ሲጀምር የሚያጋልጠው ይህ ካርታ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕክምናው እንደ ደረጃው ነው። ሲጀምር መነጽር ይበቃል። ሲቀጥል ደግሞ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ይታዘዛል፤ ሌንሱ ወጣ ገባውን ሸፍኖ አዲስ ክብ መስታወት ይሆናል። ሕመሙ እየገፋ ለሚሄድባቸው ወጣቶች ደግሞ «ክሮስ ሊንኪንግ» የሚባል ሕክምና አለ። ጀርመን አገር ድሬስደን ከተማ ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ውጤት የታተመው በአውሮፓውያን 2003 ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ራይቦፍላቪን፣ ማለትም ቪታሚን ቢ 2፣ በጠብታ ዓይን ላይ ይጨመራል፤ ከዚያ በተመጠነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመታል። የኮርኒያ ክሮች እርስ በርስ ይተሳሰሩና ይጠነክራሉ። ልብ በሉ! ይህ ሕክምና በሽታውን ባለበት ያቆማል እንጂ የጠፋውን እይታ እንደ ድሮው አይመልስም። ኮርኒያው ከልክ በላይ ከሳሳ ደግሞ አይሠራም። «ቶሎ ሂዱ» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ድንገት ዓይኑ ቢነጣ፣ ቢያመውና እይታው ቢጠፋ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሁሉም ካለፈ የመጨረሻው መንገድ ኮርኒያ መቀየር ነው። ዓይን በሙሉ አይቀየርም፤ የምትቀየረው ያቺ ቀጭን መስታወት ናት። የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተደረገው በአውሮፓውያን 1905 ኦሎሙትስ በተባለች፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ ከተማ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በርካታ ወገኖች በንቅለ ተከላ ብርሃናቸውን አግኝተዋል። ኮርኒያው የሚመጣው ግን በሕይወት ሳሉ ቃል ገብተው ከሞቱ በኋላ ከሚለግሱ ሰዎች ነው። አንድ ለጋሽ ሁለት ሰው ያበራል። እናንተም አስቡበት፤ አስባችሁም ለቤተሰባችሁ ተናገሩ፤ በዚያች ሰዓት ፈቃዳችሁን የሚያስፈጽሙት እነሱ ናቸውና።

ጸበልስ? ለሚሉኝ... እምነት የየራስ ነው፤ ጸበሉም ዱዓውም ይቅደም። ግን የሐኪሙን ቀጠሮ አያስቀር። እንዲያውም ጸበል ስትጠመቁ ዓይናችሁን አትሹ!

የልጁ ነገር

የባጃጁ ልጅ ከእናቱ ጋር አዲስ አበባ መጣ። ካርታው ተነሣ። ግራ ዓይኑ ገፍቷል፤ ቀኙ ግን ገና ጀማሪ ነው። ሐኪሙ ለግራው ጠንካራ ሌንስ፣ ለቀኙ በሽታው ሳይገፋ የሚያቆመውን ሕክምና አሰበለት። ማታ ማታ ባጃጅ እንዳይነዳ ነገረው። ልጁ በዚህች ነገር አኮረፈ፤ የማታው ገቢ ይሻላልና። እናቱ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦

«ሽንኩርት ሸጬ መነጽር ገዝቼልሃለሁ። ዓይን ግን ገበያ አይወጣም።»

ልጁም ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ደግሞ ሂዱና እዩት!

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሸዋ ሮቢትን በመስኮት ብቻ አትዩዋት። የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁና አንድ ቀን ውረዱ። በጠዋት ተነሥታችሁ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከማንጎው ሥር ቁጭ በሉ። ወደ ምዕራብ ስትዞሩ የጣርማ በርና የአንኮበር ገደል እንደ ግንብ ቆሞ ይታያችኋል፤ በምሥራቅ በኩል ግራሩ እየሳሳ፣ ሜዳው እየሰፋ ወደ አፋር ይወርዳል። እሑድ ከዋላችሁ ሰንበቴ ገበያ ውጡ። ውኃ ያዙ፣ ባርኔጣ ያዙ፣ ማንጎ በቢላ ሳይሆን በጥርስ ብሉ።

ይህን ሁሉ ስታዩ ታዲያ አንዱን ዓይናችሁን ሸፈን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሸፈን አድርጋችሁ እዩ። ገደሉም አንድ፣ ግራሩም አንድ፣ ጨረቃዋም አንድ ከሆነች ተመስገን በሉ። ሁለት ሦስት ከሆነች ደግሞ... የት መሄድ እንዳለባችሁ አሁን ታውቃላችሁ።

ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ።